ባለ ሁለት ፔዳሏ መኪና

ባሏ መታጠቢያ ቤት ገብቶ፣ በሩን ቆልፎ፣ ቧንቧውን እስከ ጥግ ከፍቶ በስልክ ሲንሾካሾክ፣ አጣቢዋ የታጠፈ አንሶላ ታቅፋ በኮሪደሩ ታልፍ ነበር። ሰው በገዛ ቤቱ ተደብቆ ማውራት ሲያምረው ቧንቧ መክፈቱ ደግ ዘዴ ነው፤ ችግሩ የዚህ ሰፈር ውሃ የማንንም ምስጢር ጠብቆ አያውቅም። ወሬው ዋናው ቦታ ላይ ሲደርስ ቧንቧው ሁለቴ አንቋርሮ ቀጥ አለ፤ የሰውዬው አፍ ግን በጀመረው ፍጥነት ቀጠለ። «ዛሬ ከሰዓት መጥቶ ይወስዳታል። ለብረቷ ነው የሚገዛት፤ ካምቢዮዋ ሞቷል፣ ምን ምርጫ አለኝ? አባባ እንቢ አይሉም። ለእሷ መኪናዋ ከሄደች በኋላ እነግራታለሁ፤ አሁን ብነግራት ቤቱን በለቅሶ ትሞላዋለች» ሲል ቁልጭ ብሎ ተሰማ። በወዲያኛው ጫፍ ያለችው እህቱ ምን እንደመለሰችለት አይታወቅም፤ እሱ ግን የውሃው መጥፋት ድንገት ሳይገባው አልቀረም፣ ትንፋሹን ዋጠ።

አጣቢዋ ቤቱን በለቅሶ አልሞላችውም። አንሶላውን እንዳቀፈች ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። መኪናዋ በስም የባሏ አባት፣ የሽማግሌው ናት። ዕድሜዋ ከዚህ ትዳር ይበልጣል፤ የድሮ ቀለሟን ፀሐይ መጥጦት ዛሬ ምን ዓይነት እንደነበር አስታውሶ የሚናገር የለም። ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሞ መንዳት ያቆሙ ዕለት ቁልፉን ለልጃቸው ሳይሆን ለምራታቸው ሰጡ፤ ይህንም ያደረጉት ለይሉኝታ አልነበረም። የአጣቢዋ ግራ እግር በልጅነቷ በበሽታ ሰልሏል፤ ትቆምበታለች፣ እያነከሰች ትሄድበታለች፣ ፔዳል ግን አትረግጥበትም። የዘመድ የጎረቤቱ መኪና ሁሉ ፔዳሉ ሦስት ነው፤ ሦስተኛው፣ ፍሪሲዮን የሚሉት፣ የግራ እግር ድርሻ ነው። ይህቺ አሮጌ ግን አውቶማቲክ ናት፤ ፔዳሏ ሁለት፣ ለሁለቱም አንድ ደህና ቀኝ እግር ይበቃል።

ከዚያ ወዲህ ነው ሴትየዋ ሰው የሆነችው ቢባል ማጋነን አይደለም። ጓሮ ባለችው ጠባብ ክፍል ማጠቢያ ማሽኖቿንና የመተኮሻ ጠረጴዛዋን ተክላ የእንግዳ ማረፊያዎችን አንሶላና ፎጣ ታጥባለች። ድሮ ዕቃውን የሚያደርስላት ሰው ሲገኝ ይዘገያል፣ ሲፈለግ ይጠፋል፣ ደንበኛም ይሸሻል። አሁን ራሷ ጭና፣ ራሷ ነድታ፣ በየበሩ ጥሩንባዋን አንዴ ጢጥ ታደርጋለች፤ ዘበኛውም «ንጹሕ መጣ!» ብሎ በሩን ይከፍታል። መኪናዋ ከተሸጠች ሥራው አብሮ ይሸጣል፤ ሌላ አውቶማቲክ መግዛት እንኳን በእውን በሕልምም የሚታሰብ አይደለም። ካምቢዮ ባፈሰሰ የእሷ እግር ይቆረጣል ማለት ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው።

እርግጥ መኪናዋ ታፈሳለች። ቁልፉን ከተረከበች ጥቂት ቆይቶ ከግራ ጎማው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ መሬቱ ላይ ቀይ ጠብታ ታየ። መንገድ ዳር ያለው መካኒክ ጎንበስ ብሎ አየና «የካምቢዮ ዘይት ነው፤ በሳምንት አንድ አንድ ኩባያ ጨምሪባት» ብሎ ሸኛት። እሷም ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ቤቱ ጭር ሲል፣ ትእዛዙን ሳታጓድል አንድ ኩባያ ታንቆረቁራለች። ጠብታውን ሽማግሌው እንዳያዩባት ሲመሽ የሳሙና ካርቶን ከሥሯ ታነጥፋለች፣ ሲነጋ ታነሳለች። ዳሩ ምን ያደርጋል፣ ያዩባት መሰላት። ድሮ ከሰዓት በኋላ ወደ ማጠቢያ ክፍሏ ብቅ እያሉ፣ እሳቸው በዚያ ጫፍ እሷ በዚህ ጫፍ አንሶላ ይዘው እያጠፉ፣ ጎረቤቱን ተራ በተራ ሲያሙ የሚውሉት ሰው አፋቸው ተዘጋ። ከሰላምታና ከ«እግዜር ይስጥሽ» በቀር ቃል የለም። መኪናዬን ገደለችብኝ ብለው ነው፣ አለች በልቧ። ልትጠይቃቸው አልደፈረችም፤ ዝም አይነቅዝም ብላ እሷም ዝም አለች። እሳቸው ዝም፣ እሷ ዝም፣ ባሏም መሐል ተቀምጦ ዝም። ምሳ ሲቀርብ በዚያ ቤት የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነበር።

ባሏ ከመታጠቢያ ቤት ሲወጣ ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ ግማሹ ሳሙና እንደተቀባ ነበር። የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ነው፤ ዛሬ ዕረፍቱ ነው። ሚስቱ የኋላውን ወንበር በአንሶላ ስትሞላ ከደጃፉ ላይ ቆሞ አያት።

«ወዴት ነው?»

«ላደርስ ነዋ።»

«ከሰዓት ሳይሆን ተመለሺ፣ እሺ?»

«ለምን?»

«እንዲሁ ነው» አለና ሳሙናውን በመዳፉ ጠረገ።

መዋሸት የማይችልበት ሰው ሲዋሽ እንደማየት የሚያናድድ ነገር የለም። ሰማሁህ ልትለው አፏን ከፈተችና ተወችው፤ ሰማሁህ ካለችው ጭቅጭቅ ይነሳል፣ ጭቅጭቁ ሳያልቅ ገዢው ይመጣል። ሞተሩን አስነሳች። ማርሹን ስታስገባ መኪናዋ ልሂድ አልሂድ እያለች ትንሽ ቆየችና ድንገት ተወርውራ ወጣች። በሩ አጠገብ ወንበራቸው ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ አንገታቸውን ቀና አድርገው የሞተሩን ድምፅ አዳመጡ፤ እጃቸውንም ለሰላምታ አነሱ።

አንሶላውን ለማድረስ ቸኮለች። ትልቁ መብራት ላይ አረንጓዴ ሲበራ እግሯን ነዳጁ ላይ ብታሳርፍ ሞተሩ ጮኸ እንጂ መኪናዋ አልነቃነቅም አለች። ከኋላ ጥሩንባው ቀወጠው፤ አንዱ ባለ ታክሲ አንገቱን አውጥቶ «እቴ፣ አልጋ ይነጠፍልሽ?» አላት። በላብ ተጠመቀች። ነዳጁን ለቀቅ፣ ደግሞ ጫን ስታደርገው መኪናዋ እንደምንም ያዘችና ተንፏቀቀች። ባሏ እውነቱን ይሆን እንዴ? ሞታስ እንደሆነ? የመጨረሻውን ጥቅል አስረክባ ስታበቃ ግን ወደ ቤት አልተመለሰችም፤ አንዲት ደንበኛዋ በነገረቻት መሠረት ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ ወዳለው ጋራዥ ታጠፈች። ተናገረችም ለራሷ፦ ሞተሻል ካሉኝ ቆሜ እቀብርሻለሁ፣ ሳላይ ግን አላስወስድሽም።

የጋራዡ ባለቤት ቅጽል ስሙ «ይደርሳል» ነው። ለመጣው ሁሉ «ይደርሳል» ይላል፤ ደርሶ ያየ ግን ጥቂት ነው። ግቢው ውስጥ ይደርሳል የተባሉ መኪኖች በመስኮታቸው ሣር አብቅለው ቆመዋል። ሰውዬው ሆዱ የቱታውን ቁልፍ የሚፈታተን፣ ጢሙ የሸበተ፣ ከመኪና ይልቅ ጨዋታ የሚወድ ነው። የሷን መኪና ሥር ጎንበስ ብሎ ብቻ አየና ከንፈሩን መጠጠ።

«አይ ልጄ! ይሄማ ካምቢዮው መውረድ አለበት። ትተሽልኝ ሂጂ፣ ይደርሳል።»

ያኔ ነው ከጠዋት ጀምሮ የታገሠችው እንባ የመጣው። ቤቷን ያልሞላችበትን ለቅሶ ጋራዡ ውስጥ ለቀቀችው። «ጋሼ፣ የሚደርስበት ቀን የለኝም። ዛሬ ከሰዓት ለብረቷ ሊሸጡብኝ ነው። እኔ ደግሞ ሌላ መኪና መንዳት አልችልም» አለችና ወደ ግራ እግሯ በዓይኗ አመለከተች። ይደርሳል እግሯን አየ፣ መኪናዋን አየ፣ የጀመረውን ጨዋታ ተወና እጁን በጨርቅ ጠረገ። «እንዲህ ከሆነማ ይደርሳል አልልሽም። እዚህ ሣጥን ላይ ቁጭ በይ» አላት።

ሞተሩን አስነስቶ ኮፈኑን ከፈተና ከጥልቁ ረጅሙን የዘይት መለኪያ ዘንግ መዘዘ። ዘንጉ ጫፉ ላይ ጥቂት እርጥብ ብሎ መውጣት የነበረበት፣ እስከ ወገቡ በሮዝ አረፋ ተለውሶ ወጣ። ይደርሳል ጠረገው፣ መልሶ ከተተው፣ መዘዘው፤ ያው አረፋ። ከዚያ እንደ ትንኮሳ ያለ ሳቅ ሳቀ።

«ለመሆኑ ማነው ዘይት የሚሞላላት?»

«እኔ ነኛ። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ አንድ ኩባያ።»

«በኩባያ ነው በባልዲ?»

«ኧረ በቡና ኩባያ ነው ጋሼ!»

«እንግዲያው ሌላ ሰው አለበት። ይሄን ሁሉ የአንድ ሰው እጅ አይሞላውም። መኪናሽ ዘይት ጎድሎባት አይደለም ልጄ፤ ዘይት ውስጥ ሰምጣ ነው።»

ዘይት ሲበዛ በውስጥ የሚሽከረከሩት ጥርሶች ይመቱትና አረፋ ያደርጉታል፣ አረፋ ደግሞ ማርሽ የሚይዝበት ጉልበት የለውም፤ መኪናዋ መብራት ላይ የለገመችው ለዚህ ነው፣ አላት። የበዛው ሲገፋ ደግሞ መውጫ ይፈልጋል፤ የግራው ጎማ ዘንግ ከካምቢዮው የሚገናኝበት ቦታ ላይ ፓራኦሊዮ የሚሉት የጎማ ቀለበት አለ፣ ዘይቱን የሚያግደው እሱ ነው፣ እሱም በእርጅና ደርቋልና በዚያ በኩል ይወጣል። አጣቢዋ ይህን ለመረዳት ዳግመኛ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። ማሽን ውስጥ ሳሙና ሲበዛ ምን እንደሚሆን ታውቃለች፤ አረፋው በበሩ ገንፍሎ ወለሉን ያጥለቀልቃል፣ ልብሱ ግን አይጠራም።

መኪናዋ በክሪክ ተነሳች፣ ጎማው ወለቀ፣ ትርፉ ዘይት ሰፌድ በሚያህል ገንዳ ውስጥ መፍሰስ ጀመረ። ቀጭንና ቀይ ነው። አጣቢዋ ጣቷን ነክራ በአውራ ጣቷ አሸችው። ይህን ቀለም ታውቀዋለች። የሽማግሌው ሸሚዝ እጅጌ ላይ ስንት ጊዜ አግኝታዋለች! ልጃቸው ከመድኃኒት ቤት የሚያመጣላቸው የሳል ሽሮፕ ነው ብላ፣ ጠርሙስ መያዝ እንኳ የማይችሉ ወንዶች እያለች እያጉረመረመች ነው ያጠበችው። የባሏም ሱሪ ጉልበት ላይ ነበረ፤ እሱንም ሥራ ቦታው ያፈሰሰው ሽሮፕ ነው ብላዋለች። ሽሮፕ በባዶ ውሃ እንደሚለቅ፣ ይሄኛው ግን እስኪለቅ ክንዷን እንዳዛለው፣ እድሜዋን ከእድፍ ጋር ስትታገል የኖረች ሴት እንዴት ልብ ሳትለው ቀረች? የተናደደ ሰው ልብስ ያጥባል እንጂ እድፍ አያይም። ገንዳውን እያየች፣ እንባው ገና ጉንጯ ላይ ሳለ፣ ሳቅ ጀመራት። ይደርሳል ከመኪናው ሥር አንገቱን አውጥቶ ደህና ናት ወይ ብሎ አያት።

አሮጌው ቀለበት በመፈልቀቂያ ተነቅሎ ሲወጣ እንደ ደረቅ የዳቦ ቅርፊት እጁ ላይ ተሰባበረ። አዲሱ ዋጋው ከአንድ ካርቶን የልብስ ሳሙና አይበልጥም፤ ለዚህ ኖሯል ቤቱ ሁሉ ሲታመስ የከረመው። ይደርሳል አዲሱን በዘይት ቀባብቶ ቦታው ላይ ደቀነና፣ በቧንቧ ቁራጭ ዙሪያውን እኩል እኩል መታ መታ አድርጎ አስገባው። የሚተርፈውን ዘይት አስወጥቶ፣ የጎደለውን መጥኖ፣ ሞተሩ እስኪሞቅ አቆየና ማርሹን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያመላለሰ ለካ። «የካምቢዮ ዘይት የሚለካው እንዲህ ነው፣ ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ። በይ ንጂያት» አላት። የጋራዡን ግቢ፣ ሣር ባበቀሉት መኪኖች መሐል፣ አንዴ ዞረችው። ማርሹን ስታስገባ መኪናዋ ያለ አንዳች ማመንታት ሄደች። እፎይ አለች፤ እፎይታው ከደረቷ ተነስቶ እስከዚያች ሰላላ እግሯ ወረደ።

ቤት ስትደርስ ፀሐይ ከጣሪያው ዘንበል ብላለች። ባሏ ግቢው ውስጥ ይንጎራደዳል፣ ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ናቸው፣ ገዢው ገና አልመጣም። መኪናዋን አቁማ ወረደች፤ በሩንም በኃይል ዘጋችው፣ ይሰማ ብላ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ካምቢዮው ላይ አንድ ኩባያ ዘይት የምጨምረው እኔ ነኝ» አለች። «ሌላው ማነው?»

ባሏ ጆሮውን አከከ። «እኔም... ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ። ጠብታ አየሁና ሳልነግርሽ ልሙላላት ብዬ። በሞላሁ ቁጥር እያደር ባሰባት፤ ያኔ ነው ሞቷል ያልኩት» አለ። ይህን ብሎ ወደ አባቱ ዞረ፤ እሷም ዞረች። ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬቱ ላይ አሽከረከሩ።

«እኔ እንደናንተ በግምት አይደለም የምሞላው፤ ለክቼ ነው» አሉ ኮራ ብለው። «ጠዋት ጠዋት፣ አንቺ ካርቶንሽን አንስተሽ ከገባሽ በኋላ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ። ጎደል ብሎ ባየሁ ቁጥር እስከ ላይኛው ምልክት።»

«ሳይሞቅ?» አለች አጣቢዋ።

«ዕድሜ ልኬን የጭነት መኪና ስነዳ ዘይት እንደዚያ ነው የምለካው!»

«አባባ፣ የሞተርን እኮ ነው እንደዚያ የሚለኩት፤ የካምቢዮ ዘይት ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ይታያል፤ ሞቆ ነው የሚለካው» ስትላቸው ሽማግሌው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅሱ መስሏት ደነገጠች፣ እሳቸው ግን በሳቅ ነበር የሚንቀጠቀጡት። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ!» አሉ እንባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ፤ «ምስኪን መኪና፣ በሦስት ሰው እጅ ስትታነቅ ከርማ!» ባሏም ሳቀ፣ እሷም ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ በዚያ ቤት ሦስት ሰው አብሮ ሲስቅ ተሰማ።

ሳቁ ሲበርድ ግን ያንገበገባትን ጠየቀች። «እና ጠብታውን ካዩት፣ ካርቶኑንም ካወቁ፣ ለምን ነው አባባ ያኮረፉኝ? ገደለችብኝ ብለው ነው ብዬ ስንት ተጨነቅሁ።»

«እኔ? አንቺን?» አሉ ሽማግሌው። መሐረባቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፣ መልሰው አወጡት። «ማፍሰሷን ቁልፉን ሳልሰጥሽ ነው የማውቀው። ትንሽ ናት፣ ትቆማለች ብዬ ሸፋፍኜ አስረከብኩሽ። ኋላ ሲብስ፣ የታመመች መኪና አሸክሜሽ በምን አፌ ላጫውትሽ? ካርቶኑን ስታነሺ በመስኮት ባየሁ ቁጥር አፈር ብላ እያልኩ ነበር ራሴን።» ያን ሁሉ ጊዜ የተቆጣ ፊት የመሰላት ያፈረ ፊት ነበር። ተነስታ ሄዳ ከወንበራቸው አጠገብ ቆመችና የሸሚዛቸውን ኮሌታ፣ ባይጣመምም፣ አስተካከለችላቸው።

ባሏ ቀርቦ ጉሮሮውን ጠራረገ። መሐል መንገድ ላይ ብትቆምብሽ፣ በዚያ እግርሽ እንዴት ትሸሺያለሽ ብዬ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ፣ አላት። እውነቱን እንደሆነ ከዓይኑ አወቀች፤ ቢሆንም በነጻ ልትለቀው አልፈለገችም። «ደግ አስበሃል። ጠዋት ውሃው ባይቋረጥ ኖሮ ግን ዛሬ ማታ ምን ልትለኝ ነበር?» አለችው። አቀርቅሮ «አጥፍቻለሁ» አለ፤ እሷም ላሁኑ እሱ በቃት።

ያኔ ነው በሩ ላይ ጥሩንባ የተነፋው። የአሮጌ መኪና ነጋዴው፣ ኋላው ክፍት የሆነ የጭነት መኪናውን የግቢው አፍ ላይ ገትሮ፣ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ገባ። ማንንም ሰላም ሳይል መኪናዋን ዞራት፣ ጎማዋን በጫማው ነካ ነካ አደረገ፣ ጣሪያዋን በመዳፉ መታ፤ የሞተ ነገር ሊያነሳ እንደመጣ ሰው ፊቱን አከፋ። «እሺ፣ ባለቤቱ ማነው? ከማን ጋር ነው የምንነጋገረው?» አለ።

ባሏ ወደ አባቱ አየ። ሽማግሌው በከዘራቸው ተደግፈው ከወንበራቸው ተነሱ፣ ቀጥ ብለውም ቆሙ። «ባለቤቷ እሷ ናት» አሉ በከዘራው እያመለከቱ፤ «እሷን ጠይቃት።»

ነጋዴው ዞሮ አጣቢዋን ከላይ እስከ ታች አያት፤ ዓይኑ ግራ እግሯ ላይ ሲደርስ ቆመ። «እሷ ትነዳለች እንዴ?» አለ፣ ለወንዶቹ።

አጣቢዋ አልተቆጣችም። ከማጠቢያ ክፍሏ የማታውን ፎጣ ጥቅል ይዛ መጣችና የኋላው ወንበር ላይ ጫነች፣ እያነከሰች ዞራ ገባች፣ ሞተሩን አስነሳች። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ አንገቷን አወጣች።

«ወንድሜ፣ መኪናህ መውጫዬን ዘግቶብኛል። አንዴ አንሳልኝ፣ ሥራ አለብኝ።»